ዘጠኝ ቁልፍ

በመካነ ሰላም ልብስ ሰፊውን ፈንታውን «ጎ» በሚባል ጨዋታ ያሸነፈች ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም እኔ ነኝ። ያውም በአሥር ዓመቴ። ያውም ሰባት ጊዜ በተከታታይ። የማያምን መጥቶ ይጠይቅ፤ ሱቁ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ በሩ ሰማያዊ የተቀባው ነው። ፈንታው አባቴ ነው፤ እኔ ደግሞ የኔአለም እባላለሁ።

ጨዋታውን የማያውቅ ስለሚኖር ላስረዳ። ገበጣ አይደለም፤ ዳማም አይደለም። አሥራ ዘጠኝ መስመር ቁም፣ አሥራ ዘጠኝ መስመር አግድም ይሰመራል። አንዱ ጥቁር ይይዛል፣ ሌላው ነጭ፤ ተራ በተራ መስመርና መስመር በሚገናኝበት ላይ ይቀመጣል። አንዴ የተቀመጠ አይነቃነቅም። ዙሪያውን ከተከበበ ግን መተንፈሻ ያጣና ተለቅሞ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ሰፊ መሬት ያጠረ አሸነፈ። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ድንበር መግፋትን ከማን ሊማር ነው! አንድ ገበሬ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ጥቂት ቆሞ አየና «ይኼማ የእኔና የወንድሜ ክስ ነው» ብሎ ቁጭ አለ፤ ሱሪውን ረስቶ ሄደ።

አባቴ የተማረው መንገዱን ሊሠራ ከመጣ ቻይናዊ ኢንጂነር ነው። የሰውየው ሱሪ ሁልጊዜ ጉልበቱ ላይ ይቀደድ ነበርና በየሳምንቱ ይመጣል። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። አንድ ቀን አባቴ ሲጥፍለት፣ ሰውየው በልብስ ጠመኔ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ መስመር አሰመረ፤ ከቁልፍ ጣሳው ጥቁርና ነጭ ለይቶ አወጣ፤ በዚያው ጀመሩ። ጥቁሩ ትልቁ የካፖርት ቁልፍ ነው፣ ነጩ ትንሹ የሸሚዝ ቁልፍ። ሰውየው የጨዋታውን ስም በአገሩ ቋንቋ ነግሮት ነበር፤ የማንም ምላስ አልያዘውም። በኋላ የሒሳብ አስተማሪው መምህር አስናቀው ስልካቸውን አገላብጠው «ጎ ይባላል» አሉ። ጎ ተባለ። ኢንጂነሩ መንገዱን ጨርሶ ሲሄድ አባቴ መስመሩን በቀለም አደሰው። ከዚያ ወዲያ በእኛ ሱቅ ጨርቅ የሚቆረጠው የጎ ሰሌዳ ላይ ነው።

መምህር አስናቀው የትልልቆቹን ተጫዋቾች ጨዋታ ከስልክ ወደ ደብተር እየገለበጡ ያመጣሉ። እሳቸው ያነባሉ፣ አባቴ ቁልፍ ያስቀምጣል። እዚያ ሩቅ አገር ያለ ሰው በሠላሳኛው ተራ ለምን ጥግ ትቶ መሃል ገባ ብለው ይጣላሉ። ልብሱ እስኪደርስለት የሚጠብቅ ሰውም አብሮ ይጣላል። ሰው ለኳስ ቡድን እንደሚያብደው አባቴ ለማያውቀው ኮሪያዊ ያብዳል። «ዛሬ ተሸነፈ» ብለውት ምሳ ያልበላበትን ቀን አስታውሳለሁ።

አባቴ ከእኔ ጋር ሲጫወት ገና ሳንጀምር ዘጠኝ ጥቁር ቁልፍ ቆጥሮ መዳፌ ላይ ያስቀምጥልኛል። «ደርድሪ» ይለኛል። ዘጠኙን ቦታ ቦታቸው ካስቀመጥኩ በኋላ ነው እሱ የመጀመሪያዋን ነጭ የሚያሳርፈው። ለመምህር አስናቀው የሚሰጣቸው አራት ነበር። ለሩቂያ ሁለት። ለእኔ ዘጠኝ! እንዲህ ያለ ማበላለጥ በእንጀራ ልጅና በወለዱት ልጅ መካከልም አይደረግም። ትምህርት ቤት ሄጄ ላልሰማ ሁሉ አሰማሁ። ሩቂያ ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች። ቀናችብኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስዘል ዋልኩ። አሁን ሳስበው ሳቋን እየያዘች ነበር።

ሩቂያ የጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴዋ ልጅ ናት። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጣቶቿ ረጃጅም፣ ሻሿ ሁልጊዜ የተተኮሰ፤ አሥር ቃል ለመናገር ሳምንት የሚፈጅባት ልጅ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ወደ ሱቃችን መምጣት ጀመረች። መጀመሪያ አሥር መርፌ ላይ ክር ትከትና የመርፌው ትራስ ላይ ትሰካለች። ከዚያ ከአባቴ በስተቀኝ ያለችው በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ከፊቱ አይደለም፣ ከጎኑ። ከሌላ ሰው ጋር ሲጫወትም ከጎኑ ናት። ባላጋራው ቁልፍ ባስቀመጠ ቁጥር ወደ ጆሮው ዘንበል ብላ አንድ ነገር ትላለች፤ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል።

መርፌ ላይ ክር መክተት የእኔ ሥራ ነበር። በርጩማዋም የእኔ ነበረች። አንድ ጊዜ አባቴ የግራ እጅጌ ቀኝ ላይ ሰፋ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከየት ይገኛል? ለባለኮቱ ነገርኩት፣ ለትምህርት ቤት ነገርኩ፣ ውሃ ወረፋ ላይ ነገርኩ። በሦስተኛው ቀን አባቴ «የኔአለም፣ ከእንግዲህ ከትምህርት ቤት መልስ እናትሽን አግዢ፤ ክሩን ሩቂያ ትከታለች» አለኝ። እጅጌውን ከዚህ ጋር ለማገናኘት ስምንት ዓመት ፈጀብኝ። ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበሬ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ተቀምጣለች።

የምፈልገው ያችን በርጩማ ብቻ ነበር። አዲስ ጫማ አልፈለግኩም፣ ስልክ አልፈለግኩም። እዚያ ተቀምጬ አባቴ ወደ እኔ ጆሮውን እንዲያዘነብል ነበር የምፈልገው።

ቅናት ሆድ ውስጥ ነው ይላሉ። የእኔ ጆሮዬ ላይ ነበር። ሩቂያ ወደ አባቴ ዘንበል ባለች ቁጥር የእኔ ጆሮ ይግላል። አባቴ ከእሷ ጋር ሲጫወት ድምፁ ይለወጣል። ጣቱን ቁልፍ ላይ እያንከባለለ፣ ጣሪያውን እያየ፣ ግማሽ ሰዓት ያስባል። ከእኔ ጋር ግን ቶሎ ቶሎ ነው፤ ይጣደፋል፤ ይሸነፋል፤ «ጎበዝ» ይለኛል፤ በቃ። ከሩቂያ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ከእኔ ጋር ሩብ ሰዓት። ማሸነፌ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ለምንድን ነው ሰው ከምታሸንፈው ልጅ ይልቅ እሱ ከሚያሸንፋት ልጅ ጋር መቀመጥ የሚወደው? ለእኔ የተሸነፈልኝ ሊያሰናብተኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ቧንቧ ላይ ይዣት ጠየቅኳት። «አባዬን ምንድን ነው የምትነግሪው?»

«ቁጥር» አለች።

«ምን ቁጥር?»

«አሥራ ስድስት በአራት። ሰባት በሦስት።»

«ታሾፊብኛለሽ?»

«ወላሂ ቁጥር ነው።»

ውሃውን በሻሿ ላይ ደፋሁባት። ሻሿን ጨምቃ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቷን ነበር የነገረችኝ። የጠረጴዛው ሁለት ጠርዝ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር በጠመኔ ተጽፎ በየቀኑ አየው ነበር፤ የጻፈችውም እሷ ናት። ለልብስ መለኪያ መስሎኝ ነበር።

የዘጠኙ ቁልፍ ክብሬም ብዙ አልቆየም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሞልቶ ሳለ ሩቂያ ትስማ ብዬ «ለእኔ ዘጠኝ፣ ለአንዳንዱ ሁለት» አልኩ። መምህር አስናቀው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«የኔአለም፣ ዘጠኝ የሚሰጠው እኮ ላልቻለ ነው። ተጫዋቹ እየጎበዘ ሲሄድ ይቀነስበታል። ከዘጠኝ በላይ መስጠት የተለመደ ስላልሆነ ነው እንጂ አንቺንስ አሥራ አምስትም አይበቃሽ!»

ሱቁ ሁሉ ሳቀ። የዚፑ መበላሸት አስጨንቆት ያለቅስ የነበረ ሰው እንኳ ሳቀ። ሩቂያ ብቻ አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፍታ ክር ከተተች። ያ የባሰ ነበር። አባቴ «ተዉዋት፣ ታሸንፈኝ የለ እንዴ» አለ። እኔም «አዎ፣ ሰባት ጊዜ!» ብዬ ወጣሁ፤ ከበር ውጭ ግን አለቀስኩ። አዝኜ እንዳይመስላችሁ፤ ተናድጄ ነው።

ከዚያ በሳምንቱ ይሁን በአሥረኛው ቀን፣ ከሱቁ በስተጀርባ ባለው መጋረጃ ሥር ተቀምጬ የአባቴንና የእናቴን ወሬ ሰማሁ። የእናቴ ድምፅ ሲያንስ ነው የሚያስፈራው።

«ለልጅቷ ብትነግራት ምናለ?» አለች።

«ለየኔአለም? ለእሷ ከተነገረ ማታውኑ ወረኢሉ ይሰማል።»

«ልጅህ እኮ ናት።»

«ልጄ ስለሆነች ነው የማውቃት። ደሴ ደርሰን እስክንመለስ ነው። እስከዚያ ሩቂያ ትበቃኛለች።»

 እናቴ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

ሩቂያ ትበቃኛለች። ይህን ቃል ትምህርት ቤት ይዤው ሄድኩ፣ ገበያ ይዤው ሄድኩ። ራሴ ነኝ ትርጉሙን የሠራሁት፦ አባቴ ሩቂያን ይዞ ደሴ ይሄዳል፤ እዚያ ትላልቆቹ ተጫዋቾች ያዩአታል፤ «ልጅህ ናት?» ይሉታል፤ እሱም «አዎ» ይላል። እናቴ ያለቀሰችው ለእኔ አዝና ነው። ነገሩን ስለ ደረስኩበት ደግሞ ኮራሁ። ማንም የማያውቀውን የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ።

በዚያው ሰሞን መምህር አስናቀው ወሬ ይዘው መጡ። የመንገዱ ካምፕ ውስጥ ዕቃ ቤት ይሠሩ የነበሩ አቶ አለኸኝ የሚባሉ ሰው፣ ከዚያው ከኢንጂነሩ የተማሩ፣ አሁን ደሴ የሚኖሩ፣ አባቴን ሊገጥሙት ይመጣሉ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን። «ከእኔ የሚበልጥ ወሎ ውስጥ የለም ይላል» አሉ መምህር አስናቀው።

«ይምጣ» አለ አባቴ። ፊቱ በራ። ከዚያ ወደ ሩቂያ ዞሮ «ሩቂዬ፣ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ነው፤ እንዳትቀሪብኝ» አላት።

ሩቂዬ!

በገበያው ቀን ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ የሩቂያን በር አንኳኳሁ። ራሷ ከፈተች። ሻሿን ሳይቀር አስራ ተዘጋጅታ ነበር።

«አባዬ ዛሬ አትምጪ ብሎሻል» አልኳት።

«ለምን?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «እንግዳው ሰው ልጆች ሲንሾካሾኩ አይወድም። አባዬ ራሱ ነው ያለው፤ ከፈለግሽ ጠይቂው።»

ሩቂያ ትንሽ ቆማ አየችኝ። ዓይኗን ሸሽቼ የበራቸውን ማጠፊያ አየሁ፤ አንዱ ምስማር ወልቋል። «እሺ» አለችና ዘጋችው። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከገበያ የመጡ ሰዎች በበሩ አንገታቸውን አስገብተው ያያሉ። አምላኩ የሚባል ወጣት፣ ለሠርጉ ሱፍ ሊያሰፋ፣ ግራጫ ጨርቅ በፌስታል ይዞ ማዕዘን ላይ ቆሟል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ይለካሉ ተብሏል። አቶ አለኸኝ አጭር፣ ወፍራም፣ ሲስቁ ሆዳቸው የሚስቅ ሰው ናቸው። ለአባቴ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዘው መጥተዋል። «ጋሽ ፈንታው፣ ካሸነፍኩዎት ብርቱካኑን ይዤ እመለሳለሁ» አሉ፤ ሰው ሳቀ።

በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ ነበር። አባቴ ወደ ቀኙ ዞረ።

«ሩቂያ?»

«አልመጣችም። እኔ ነኝ። አለሁልህ።»

 የአባቴ እጅ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነበር፤ ጣቶቹ በጠመኔ የተጻፈውን ቁጥር ሲያሹት አየሁ። «ትመጣለች?» አለ ቀስ ብሎ። «አትመጣም» አልኩ። መምህር አስናቀው «እንግዲህ ጀምሩ፣ ሰው አይጠበቅም» አሉ።

አባቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁልጊዜ ነጭ ነበር የሚይዘው። ቁልፍ ሰጪው ነጭ ይይዛልና ማንም አላስተዋለውም። ከእንግዳው ጋር ግን እኩል ለእኩል ናቸው፤ ዕጣ ይጣላል። መምህር አስናቀው ቁልፍ በጭብጣቸው ያዙ፣ ጎዶሎ ሙሉ ተባለ። ጥቁሩ ለአባቴ ደረሰው። «ነጩን ብይዝስ?» አለ። «እንዴ፣ ዕጣ ዕጣ ነው» አሉ አቶ አለኸኝ። ትንንሾቹን ነጭ የሸሚዝ ቁልፎች በዚያ በነጣ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ።

መጀመሪያ ደህና ሄደ። ከዚያ አባቴ አንገቱን እያቀረቀረ፣ እያቀረቀረ፣ አፍንጫው ጠረጴዛውን ሊነካ ደረሰ። «ፈንታው ሊያሸተው ነው!» አለ አንዱ። ሳቁ። አቶ አለኸኝ አንድ ቁልፍ አሳረፉ። አባቴ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ።

ይህን ሦስት ወር ሙሉ ስመኘው ነበር። የጆሮውን ፀጉር አየሁት። የልብስ ጠመኔና የማሽን ዘይት ይሸታል። ምን እንደምል ግን አላውቅም። «በርታ» አልኩት።

«ቁጥሩን» አለ፣ ከንፈሩን ሳያነቃንቅ።

የተበሉትን ቁልፎች ቁጥር የጠየቀኝ መሰለኝ። «አንድም አልተበላብህም፣ አብሽር!» አልኩት፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

«የት ነው ያስቀመጠው?»

«እዚያ!» ብዬ በጣቴ አሳየሁት።

ጣቴን አላየም። ፊት ለፊቱ ነበር፤ አላየውም። አሁንም ድረስ ጣቴን ዘርግቼ የያዝኩበት ጊዜ ሲረዝምብኝ ይታወቀኛል። አባቴ ጥቁር ቁልፍ አነሳ፣ እጁን በአየር ላይ ትንሽ አቆየው፣ አወረደው። ቁልፍ በእንጨት ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ አለ። ያ ድምፅ አልነበረም። ቁልፍ ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ነው።

አቶ አለኸኝ ሆዳቸው ዝም አለ። «ጋሽ ፈንታው» አሉ በለሆሳስ፣ «እዚህ ላይ እኮ እኔ አለሁ።»

አባቴ እጁን መለሰና በጣቱ ጫፍ ዳሰሰ። ጥቁሩን ነካ፣ ከሥሩ ያለውን ነጩን ነካ። በሩ ላይ ከቆሙት አንዷ ሴት «ኧረ ያረቢ፣ አያዩም እንዴ?» አለች። ክፋት አልነበረባትም። ግን ቃሉ ወጣ። ሱቁ ውስጥ ማሽኑ፣ ጨርቁ፣ መርፌው፣ ሁሉም ሰማው። ማዕዘን ላይ አምላኩ ግራጫውን ጨርቅ ከፌስታሉ ግማሽ አውጥቶ ነበር። ቀስ አድርጎ መለሰው። ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ አባቴ ራሱን ወደዚያ አዞረ።

«ቁልፎቹን ልቀሚ፣ የኔአለም» አለኝ።  አቶ አለኸኝ ብርቱካናቸውን ትተው ሄዱ።

ሞራ ነበር፤ በሁለቱም ዓይኑ። መጀመሪያ ክሩን ወሰደበት፣ ቀጥሎ ነጩን ቁልፍ ሁሉ፤ ትልቁ ጥቁር ብቻ ብዥ ብሎ ይታየው ነበር። ይህን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ እናቴ፣ ሩቂያና የሩቂያ እናት። ደሴ የተባለው ዓይን ሊታከም ነው፤ ቀጠሮው ተይዞ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነበር። አሥራ ሁለት ቀን አፍ ቢዘጋ፣ አባቴ ለጨዋታ ሄድኩ ብሎ ሄዶ፣ ድኖ ተመልሶ፣ ያንን ግራጫ ሱፍ ይቆርጥ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ አምስት ሰው ጨርቁን ወሰደ። ሁሉም ሰበብ ነበረው። «ሠርጉ ተራዘመ»፣ «ወንድሜ ከኮምቦልቻ የተሰፋ ሊልክልኝ ነው»። አባቴ ለሁሉም «ይሁን፣ በሰላም ልበሰው» እያለ በዳበሳ አጣጥፎ ሰጣቸው።

ከእኔ ጋር ሲጫወትም ሰሌዳው በደንብ አይታየውም ነበር። ከሩቂያ ጋር ቁጥሩን ስለምትነግረው ሙሉው ጠረጴዛ ራሱ ውስጥ ነበር። እኔን ቁጥር ከጠየቀኝ እነቃበታለሁና ዝም ብሎ በግምት ያስቀምጥ ነበር። ሰባት ጊዜ የተሸነፈው ለእኔ ላለመንገር ነው። መልካም ነው፤ ላስተባብል አልችልም። በአሥር ዓመቴ ብሰማው ማታውኑ ወረኢሉ ይሰማ ነበር።

ከደሴ አንዱ ዓይኑ ድኖ፣ ሌላው ግማሽ ድኖ ተመለሰ። ፋሻው በተነሳ በሳምንቱ አስቀመጠኝ፤ ዘጠኝ ቁልፍ ቆጥሮ ሰጠኝ፤ «ደርድሪ» አለኝ። ከዘጠኙ አንዷን እንኳ አላስተረፈልኝም። ሁሉንም ለቅሞ ጣሳው ውስጥ ሲከት ይስቅ ነበር፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ግን አልጠየቀኝም። ሩቂያ ያን ቀን ለምን እንደቀረችም እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም።

ሱፍ የሚያሰፋ ሰው ግን አልተመለሰም። ዓይኑ ታሞ ነበር የተባለ ልብስ ሰፊ ዳነ ቢባልም ለሠርግ ልብስ አይታመንም። አሁን የምንሠራው የተማሪ ዩኒፎርም፣ ዚፕና ቀዳዳ መጣፍ ነው። የምንሠራው ያልኩት እኔም ስለምሰፋ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እኔም አብሬ ተዘጋሁ፤ ሲከፈት ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ስለነበር ማን ይነሳ? አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ አሁን ለእኔ ስድስት ነው የሚሰጠኝ። ስድስት ደርሻለሁ።

ሩቂያ ደሴ ፋርማሲ ትማራለች። ዘንድሮ ለአረፋ መጣች። በዓሉ በዋለ በማግሥቱ አባቴ ለቅሶ ሄዶ ሱቁን እኔ ስጠብቅ፣ በሣህን ሥጋ ይዛ ገባች። ሻሿ አሁንም የተተኮሰ ነው። ጠረጴዛውን አየችና «አሁንም አለ?» አለች። ተቀመጥን። አራት ቁልፍ ሰጠችኝ፤ ስድስት ለማለት አፈርኩ።

ስትጫወት አየኋት። ቶሎ ቶሎ ነው፤ ጣሪያ አታይም። የኔን ግራ ጥግ በስምንት ቁልፍ ከበበችው።  ስምንት ዓመት ስሠራው የኖርኩት ንግግር ነበረኝ። አንዳንዴ ማሽን ላይ ሆኜ ለራሴ እለማመደዋለሁ፤ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እግሯ ላይ እወድቃለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ በጥፊ ትመታኛለች፣ እኔም ይገባኛል እላለሁ።

«ሩቂ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኩ።

«ተጫወቺ እየነገርሽ።»

«ያን ቀን አባዬ አትምጪ አላለሽም። ፈጥሬው ነው። በርጩማዋ ላይ መቀመጥሽ አቃጥሎኝ ነው። ቀንቼብሽ ነው። በእኔ ውሸት ነው ሱፉ ሁሉ የሄደው። በአንቺ ላይ የሠራሁትን…»

 ሩቂያ ቀና አላለችም። ቁልፏን አሳርፋ ሦስት ጥቁሮቼን ለቀመች፣ አንድ ሁለት ሦስት ብላ ጣሳው ውስጥ ጣለቻቸው።

«ማን አመነሽና?» አለች። «ጋሽ ፈንታው እንግዳ ተቀምጦ እኔን አትምጪ ይላሉ? ገና በራችን ላይ ቆመሽ ሳለ ነው ውሸት መሆኑን ያወቅኩት። ሦስት ወር ሙሉ አሥራ ስድስት በአራት፣ ሰባት በሦስት ስል አፌ ደርቆ ነበር፤ እናቴ ናት በግድ የምትልከኝ። ሰበብ ሰጠሽኝ፣ ገብቼ ተኛሁ። ይልቅ ተጫወቺ፤ እዚህ ጥግ ላይ ሞተሻል፣ አታይም እንዴ?»